ከጉለሌ ፈረስ እስከ ጉልላቱ እንቁላል

አንባቢ ሆይ፤ ከስድስት ኪሎ ተነሥተው በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ የሚወጡ ከሆነ ከመኪና ይውረዱና በእግርዎ ይሂዱ። ዳገቱ ያለከልካል፤ ነገር ግን ጉለሌ ለቸኮለ ሰው የምትታይ አገር አይደለችም። በግራና በቀኝ የሸማኔው ሥራ ተሰቅሎ ይጠብቅዎታል። እሱን አልፈው ጥቂት ከፍ ሲሉ አህያው፥ በጉና ፈረሱ መንገዱን ከመኪናው ጋር ተካፍለውት ያገኛሉ። እኔ የሥነ ሕይወት አስተማሪ ነኝና ዓይኔ ከሸማው ይልቅ ወደ ከብቱ ያደላል።

ባለፈው ጥር ተማሪዎቼን ይዤ፥ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ ወደ ጫኑባት ወደ እንጦጦ ማርያም በዚሁ መንገድ ስወጣ፥ ከባሕር ዛፍ ሥር አንድ ፈረስና ሁለት ላሞች የደረቀ ሣር ይግጡ ነበር። ትምህርቱ እዚያው ላይ ተጀመረ። ፈረሱ ሣሩን በከንፈሩ ሰብስቦ በፊት ጥርሱ ይቆርጣል። ላም ግን በላይኛው ድዷ የፊት ጥርስ ስለሌላት በምላሷ ጠቅልላ ትነጫለች። በችኮላ የዋጠችውንም ኋላ ተኝታ ታመሰኳዋለች። ፈረስ አያመሰኳም፤ ሣሩ የሚብላላው በኋለኛው አንጀቱ ስለሆነ ከበላው የሚያተርፈው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ሲግጥ ይውላል፥ ሌሊቱንም ብዙውን ሲግጥ ያድራል። ፈረስ ያለው የጉለሌ ሰው ይህን የተማረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገለባው ዋጋ ነው።

«እግራቸውንስ አያችሁ?» አልኳቸው። የላም ሰኮና ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። ፈረስ ደግሞ በአንድ ጣት ጫፍ ላይ የቆመ ፍጥረት ነው። የጥንት አባቶቹ ብዙ ጣት እንደ ነበራቸው አጥንታቸው ይመሰክራል፤ በሰፊ ሜዳ ላይ ለሚሮጥ ጣት ሲቀንስ እግር ይቀላል።

በዚህ መካከል አንዲት ልጅ ጣቷን ወደ አንድ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ቀሰረች። በመስቀሉ ጫፎች ላይ የሰጎን እንቁላሎች ተሰክተዋል።

«ቲቸር፥ አያቴ ሰጎን እንቁላሏን የምትፈለፍለው ዓይኗን ሳትነቅል ትክ ብላ በማየት ነው ይላሉ። እውነት ነው?»

እኔም ሳቅሁ። «ሰጎን ጠላት ሲመጣባት ራሷን አሸዋ ውስጥ የምትቀብር ወፍ ናት፤ ዓይኗ ምን ይሠራላታል?» አልኳት። ክፍሉ በሙሉ ተከትሎኝ ሳቀ። ልጅቱ አንገቷን ደፋች፤ እስክንመለስም ድረስ ሌላ ነገር አልጠየቀችም።

ማታ መጽሐፍ ሳገላብጥ አፋሪው እኔ ሆንሁ። ሰጎን ራሷን አሸዋ ውስጥ አትቀብርም። ጎጆዋ በመሬት ላይ የተጫረ ጎድጓዳ ስፍራ ነውና እንቁላሎቹን ለማገላበጥ አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች። ጠላት ከመጣም አንገቷን ከመሬት አስተኝታ ታደፍጣለች፤ ከሩቅ ላየ ሰው ጉብታ ትመስላለች። ዓይኗም 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ በየብስ ከሚኖሩት እንስሳት ዓይን ሁሉ ይበልጣል። እርግጥ ነው፥ በማየት ብቻ አትፈለፍልም፤ ግራጫዋ ሴት ቀን፥ ጥቁሩ ወንድ ሌሊት እየተቀባበሉ 6 ሳምንት ያህል ይታቀፋሉ። ቢሆንም ከእንቁላሉ የማይለይ ጠባቂ አለ የሚለው የአያቲቱ ነገር፥ እኔ በአስተማሪነቴ ከተናገርሁት ይልቅ ወደ እውነቱ የቀረበ ነበር።

ሰኞ ልነግራቸው አሰብሁ፤ አፈርሁና ተውሁት።

ነገሩ ግን አላስቀምጥ ስላለኝ በፋሲካ ዕረፍት ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዤ ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ወረድሁ። ከእንጦጦ ብርድ ለመጣ ሰው ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነው። በቢጫው ሣር ላይ ሳላዎች ቆመዋል፤ ወንዱም ሴቷም ረጅምና ቀጥ ያለ ቀንድ አላቸው። ከእነሱ ጋር ሦስት ሰጎኖች እንደ መንጋው ከብት ሣር ይለቅማሉ። የወንዱ አንገትና እግር ሰማያዊ ነው። ይህ የሶማሌ ሰጎን የሚባለው ነው፤ ራሱን የቻለ ዝርያ ተብሎ የተቈጠረው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው።

ቁመቱ ከ2 ሜትር፥ ክብደቱ ከ100 ኪሎ ያልፋል፤ ጥርስ ስለሌለው የዋጠው ጠጠር በሆዱ ውስጥ ምግቡን ይፈጭለታል። አንዱ ሳላ ሲበረግግ ሁሉም ሮጡ። ያን ጊዜ እግሩን አየሁ፤ ሁለት ጣት ብቻ! የአውስትራሊያው ኤሙ እንኳ ሦስት አለው። ትልቁ ጣት ሰኮና የመሰለ ጥፍር ለብሷል። በሰዓት እስከ 70 ኪሎ ሜትር የሚያስኬደው ይህ እግር ነው፤ ክንፉ ሲታጠፍ ሚዛን ይጠብቅለታል። ሰማዩን የተወው ወፍ ሜዳው ላይ የፈረስን መንገድ ተከትሏል። ልዩነቱ ርግጫው ላይ ነው፤ ፈረስ ወደ ኋላ ይራገጣል፥ ሰጎን ግን ወደ ፊት።

ትምህርት ሲከፈት በክፍሉ ሁሉ ፊት ልጅቱን ይቅርታ ጠየቅሁ። ጥቂት ዝም አለችና፥ «ለአያቴ እነግራቸዋለሁ» አለች። ቀጥላም፥ «ቲቸር፥ ፈረስ ቆሞ ይተኛል የሚባለውስ?» ስትል ጠየቀችኝ።

መልሱን አውቀው ነበር፤ ጕልበቱን ቆልፎ ቆሞ ያንቀላፋል። ነገር ግን አልተናገርሁም። ቅዳሜ ጧት ሽሮ ሜዳ ላይ ለመገናኘት ተቀጣጠርን።