«ይጠጣሉ ወይ?» ብዬ ያልጠየቅኩባቸው ዓመታት

የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን በ2002 ዓ.ም. ሲጀመር ነርሶች ከጤና ተቋም ወጥተን ቤት ለቤት እንድንሠራ ተደረገ። እኔም መቀሌ ውስጥ ከዚያ በኋላ ከገቡት አንዷ ነኝ። ሦስቱን የመከላከል ደረጃዎች በቃሌ አውቃቸው ነበር፦ ሰውን ሱስ ሳይዘው መጠበቅ፣ ችግሩ ሲጀማምር ለይቶ መግታት፣ ሱስ የያዘውን አክሞ ወደ ኑሮው መመለስ። ሰፈር ስገባ ግን መካከለኛውን ዘለልኩት።

የዘለልኩት በይሉኝታ ነው። በእኛ ከተማ ያለ ስዋ (ጠላ) ማኅበር የለም፣ ክርስትና የለም፣ ሠርግ የለም። በገባሁበት ቤት ሁሉ «ቅመሺ» እየተባልኩ ይቀዳልኛል። ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ወሊድ መከላከያ ሳላፍር እየጠየቅኩ መዝገብ እሞላ የነበርኩት ሴት፣ አንድን አባወራ «በሳምንት ስንት ቀን ይጠጣሉ?» ማለት ከበደኝ። ከጠየቅኩት የሰደብኩት መሰለኝ።

በጥያቄው ፋንታ ስብከት ያዝኩ። ሴቶች ቡና ላይ ሲሰበሰቡ ስለ መጠጥ ጉዳት አስተምር ነበር። አንድ ቀን ስዋ ሸጠው ልጆች የሚያሳድጉ እናት «ሲስተር፣ የልጆቼን ደብተር የሚገዛው ይኼ ስዋ ነው፤ ምን ልሽጥ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከእሳቸው ጋር መነጋገር የነበረብኝ ለማን እንደሚሸጡ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አውርዷል፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። ማስታወቂያው ወረደ፣ ጎረምሶቹ ግን ከእሳቸው አግዳሚ ወንበር አልተነሡም። ለታዳጊ እንዳይቀዱ፣ መጠጥ በዱቤ እንዳይሰጡ ለመነጋገር የተመለስኩት በጣም ዘግይቼ ነው።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን የአናጢው ነገር ነው። ሚስቱ በሹክሹክታ ነበር የነገረችኝ፤ ጠዋት አንድ ሁለት መለኪያ አረቄ ካልቀመሰ እጁ መጋዝ አይጨብጥም። ይህን መስማት ብቻ ሊያነቃኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ልጆቹን እያሳየሁ «ዛሬውኑ ያቁሙ» አልኩት። ሰውየው የተከበረና ለቃሉ ያደረ ነው፤ በማርያም ስም ምሎ አቆመ። እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ቀጣዩ ቤት ሄድኩ። በማግሥቱ ላብ አጠመቀው፣ እጁ ብቻ ሳይሆን መላ አካሉ ተንቀጠቀጠ፣ የሌለ ሰው ማየት ጀመረ። ከዚያ አንቀጥቅጦ ጣለው። ጎረቤት «ጸበል ይወሰድ» ሲል ሚስቱ ልጇን ልካ አስጠራችኝ፤ በባጃጅ ሆስፒታል አደረስነው። ተረፈ።

ለዓመታት በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሰውነቱ ይናጋል። የሚጥለው ሕመም ባብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ይመጣል፤ ቅዠቱ በሁለተኛው ሦስተኛው ቀን ሊብስ፣ ሊገድልም ይችላል። ዲያዜፓምና ቫይታሚን ቢ1 ባለበት፣ በባለሙያ ዓይን ሥር ነው መቋረጥ ያለበት። ይህን ተምሬው ነበር። ስንት እንደሚጠጣ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚጠጣ፣ ከዚህ በፊት ሲያቆም ምን እንደሆነ ብጠይቅ ኖሮ ትዝ ይለኝ ነበር። እኔ መከርኩት እንጂ አልጠየቅኩትም።

ከዚያ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን የአሥር ጥያቄ መመዘኛ ይዤ መዞር ጀመርኩ። ድምሩ ከ40 ነው፤ 8 እና ከዚያ በላይ ሲሆን አጠጣጡ አደገኛ መሆኑን፣ 20 ሲደርስ ደግሞ ሱስ ሊኖር እንደሚችል ያመለክታል። የፈራሁት ቁጣ አልመጣም። ሰዉ ጣቱን እያጠፈ መቁጠር ያዘ። አንድ ሹፌር የሳምንቱን ድራፍት ሲቆጥር የአንድ እጁ ጣቶች አለቁበት፣ ሁለተኛውን ጀመረ፣ መሀል ላይ ዝም አለ። እሱ ገና ሱሰኛ አልነበረም። የማይጠጣባቸውን ቀናት አብረን ለየን፤ በባዶ ሆድ ላለመጠጣትና መሪ በሚይዝበት ቀን ላለመቅመስ ተስማማን። አጭር ወሬ ነበር፤ ስንቱን ሰው በዚህች አጭር ወሬ ልደርስለት ስችል እንዳለፍኩት ሳስብ ያመኛል።

በጥቅምት 2015 የትግራይን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ወዲህ ደግሞ ሌላ ነገር ተማርኩ። ስንት ትጠጣለህ ስለው «እንቅልፍ እስኪወስደኝ» የሚለኝ ሰው በዛ። እንዲህ ላለው ሰው ስለ መጠጡ ብቻ ማውራት ከሌሊቱ ቅዠት ጋር ብቻውን መተው ነው። አሁን ስለ እንቅልፉ፣ ስላጣው ሰው አስቀድሜ እጠይቃለሁ፤ የሚያስፈልገው የአእምሮ ሐኪም ከሆነም አብሬው እሄዳለሁ።

አናጢው ታክሞ ወደ ሥራው ተመልሷል። በአንድ ሠርግ ላይ ዳግም ጠጥቶ ነበር፤ ያኔ ተቆጣሁት፣ ለሳምንታትም ቤቱን አልረገጥኩም። ሦስተኛው ደረጃ በትክክል የሚፈልገኝ ያን ጊዜ ነበር።

እናንተም ቤት ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ሲጠጣ የሚረጋ ሰው ካለ፣ እባካችሁ «ዛሬውኑ ተው» ብላችሁ አታስምሉት። በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሂዱ፤ ስንት እንደሚጠጣ ሳትደብቁ ተናገሩ፤ ሲመለስም አብራችሁት ሁኑ።