የ30 ፓውንዱ ድምፅ

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይባላል። መልካም አባባል ነው። ነገር ግን ሥራው ለሠሪው ከተተወ በኋላ ስሙና ዋጋውስ የማን ይሆናል? እናንተ በቢሮም ሆነ በፋብሪካ፣ በሱቅም ሆነ በጓዳ የምትሠሩ እህቶቼ፣ ይህን ጥያቄ አንድ ቀን ለራሳችሁ ሳታነሡ አልቀራችሁም። ሪፖርቱን ያዘጋጀችው አንዷ፣ በስብሰባው ላይ የተመሰገነው ሌላው ሲሆን አይተናል። ዛሬ ስለዚሁ ጉዳይ ላወጋችሁ የተነሣሁት ግን አንድ የሮክ ሙዚቃ ፊልም ምክንያት ሆኖኝ ነው። «ሮክ ደግሞ ምናችን ነው?» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት አደራ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደ እናንተው ይመጣል።

በሚያዝያ ወር 2017 ዓ.ም. ለንደን የምትኖረውን እህቴን ለመጠየቅ ሄጄ ነበር። የ20 ዓመት ልጇ መዝፈን ትወዳለች። አንድ ቀን «አክስቴ፣ ዛሬ ሲኒማ እኔ ነኝ የምጋብዝሽ» አለችኝና ተያይዘን ወጣን። ፊልሙ በዚያው ወር በልዩ ልዩ አገሮች ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረው «ፒንክ ፍሎይድ በፖምፔይ» ነበር። ፊልሙ ራሱ አዲስ አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1972 ነው (የውጭውን ታሪክ ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። ስማቸው በቅጡ ሳይጻፍባቸው ተቀምጠው ከነበሩ አምስት ቆርቆሮዎች ውስጥ ዋናው የፊልም ጥቅል ተገኝቶ፣ ምስሉም ድምፁም ታድሶ ነው እንደገና ለሕዝብ የቀረበው። ከአዳራሹ ተመልካቾች የሚበዙት ፀጉራቸው የሸበተ ሲሆን፣ ልጆቻቸውን ይዘው የመጡም ነበሩ።

ፒንክ ፍሎይድ የእንግሊዝ ቡድን ነው። በዚያን ጊዜ አራት ነበሩ፤ ዴቪድ ጊልሞር በጊታር፣ ሮጀር ዋተርስ በቤዝ ጊታር፣ ሪቻርድ ራይት በፒያኖና በኦርጋን፣ ኒክ ሜሰን በድራም። አድሪያን ሜበን የተባለው የፊልም አዘጋጅ በጥቅምት 1971 ወደ ኢጣልያ ወስዶ፣ በ79 ዓ.ም. የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ከቀበራት ከፖምፔይ ከተማ ፍርስራሽ መካከል ባለው ጥንታዊ የድንጋይ ስታዲየም ውስጥ አጫወታቸው። የሚገርመው ተመልካች አልነበረም። አራቱ ሰዎች ከፊልም ሠራተኞቹ በቀር ማንም በሌለበት፣ ፀሐይ እየወረደባቸው፣ ለባዶ ድንጋይ ይጫወታሉ። ኒክ ሜሰን በፍጥነት ሲመታ አንዱ የድራም በትር ከእጁ ያመልጠዋል፤ ምቱን ሳያቋርጥ ሌላ በትር አንሥቶ ይቀጥላል። እሳት ላይ ወጥ ጥዳ፣ ልጅ አዝላ፣ በር ሲንኳኳ የምትከፍት እናት ይህን ስታይ የምታውቀው ነገር ነው።

በበኩሌ ይበልጥ የወደድሁት የስቱዲዮውን ክፍል ነው። ለንደን በሚገኘው አቢ ሮድ በተባለው የድምፅ መቅረጫ ቤት ውስጥ፣ «የጨረቃ ጨለማ ገጽ» ሊባል የሚችለውን ታላቅ አልበማቸውን በሚሠሩበት ጊዜ የተነሣ ነው። ራይት ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ይጫወታል። ዋተርስ የመሣሪያውን ቁልፎች እያዞረ ሰምተነው የማናውቀውን ድምፅ ያወጣል። ጊልሞር ያንኑ የጊታር ሐረግ ደጋግሞ ይሞክራል። ከዚያ ተሰብስበው ምሳ ይበላሉ፤ ይቀልዳሉ፤ ይነታረካሉ። ዘፈን ከሰማይ የሚወርድ ሳይሆን እንደማንኛውም ሥራ ተደክሞበት፣ ተሰፍቶና ተተርትሮ የሚወጣ መሆኑን ያን ጊዜ ታያላችሁ።

በፊልሙ ውስጥ አዳራሹን ሁሉ ያሳቀ አንድ ቦታ አለ። ፓሪስ በሚገኝ ስቱዲዮ ውስጥ አንዲት ረጅም ፀጉራም ውሻ ታመጣለች። ጊልሞር ሃርሞኒካ ሲነፋ፣ ዋተርስ ጊታር ሲመታ፣ ራይት ማይክሮፎኑን አፏ ዘንድ ይይዝላታል፤ እርሷም አንገቷን አቅንታ ታላዝናለች። ለዜማው የተሰጠው ስም የእርሷው ስም ነው፤ «ማድሞዋዜል ኖብስ»። እኔም ከሌሎቹ ጋር ሳቅሁ። ይህን ስም ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ማታ ቤት እንደገባን የእህቴ ልጅ በፊልሙ ላይ ሲሠራ ያየነውን አልበም ከዳር እስከ ዳር አሰማችኝ። እኩሌታው ላይ ስንደርስ የራይት ፒያኖ ቀስ ብሎ ይጀምርና፣ በድንገት የአንዲት ሴት ድምፅ ይነሣል። ቃል የለውም። ይጮኻል፣ ይለምናል፣ ይደክማል፣ መልሶ ይነሣል። ስለ ሞት የተሠራ ዜማ ነው። የአገራችንን አልቃሽ የሰማ ሰው ማንም ሳይተረጉምለት ይገባዋል። «ይህች ማን ናት? በፊልሙ ላይ ሴት ዘፋኝ አላየንም እኮ!» አልኋት። «አዎ፣ እርሷ ፊልሙ ውስጥ የለችም» አለችና ታሪኳን ነገረችኝ። እኔም በኋላ የተጻፈውን ፈልጌ አነበብሁ።

ስሟ ክሌር ቶሪ ይባላል። በጥር 1973 የ25 ዓመት ወጣት ስትሆን፣ መተዳደሪያዋ ስቱዲዮ ለስቱዲዮ እየተጠራች በሰዓት ክፍያ መዝፈን ነበር። የድምፅ ባለሙያው አለን ፓርሰንስ ስለሚያውቃት ትጠራ አለ። ጥር 21 ቀን፣ እሑድ ማታ መጣች። የፒያኖውን ዜማ አሰሟት፤ የምትዘፍነው ግጥም ግን አልነበረም፤ የተጻፈ ዜማም አልተሰጣትም። ነገሩ ስለ ሞት መሆኑን ብቻ ነገሯት። መጀመሪያ በተለመደው አዘፋፈን ብትሞክር አልፈለጉትም። ከዚህ በኋላ ራሷን እንደ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ቆጥራ ድምፅዋን ለቀቀችው። ሁለት ጊዜ ዘፈነች፤ ሦስተኛውን ጀምራ የምትደግመው መስሎ ስለተሰማት አቆመች። ከመቅረጫው ክፍል ስትወጣ አፍራ ይቅርታ ጠየቀች። ያመሰገናትም እምብዛም ስላልነበረ፣ ይጥሉታል ብላ አስባ ወደ ቤቷ ሄደች። የተከፈላት 30 ፓውንድ ነው፤ እሑድ በመሆኑ ከመደበኛው እጥፍ መሆኑ ነው።

አልበሙ በመጋቢት 1973 ወጣ። ክሌር ቶሪ ድምፅዋ እንዳልተጣለ ያወቀችው ሱቅ ውስጥ ሸክላውን አይታ፣ ስሟን ከዘፋኞቹ ጋር ባገኘችው ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ አልበሙ ከ40 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ በድምሩ ከ900 ሳምንት በላይ ቆይቷል። የዚያ ዜማ ደራሲ ተብሎ የተመዘገበው ግን ሪቻርድ ራይት ብቻ ነበር። በሸክላ ሥራ ደግሞ ሸክላው በተሸጠ ቁጥር ከሽያጩ ድርሻ የሚያገኘው ደራሲው ነው፤ በሰዓት የተቀጠረ ሰው ሒሳቡ የሚዘጋው በዚያው ሌሊት ነው። እንግዲህ ያችን ማድሞዋዜል ኖብስን አስታውሷት። ለውሻይቱ የዜማው ርዕስ ተሰጣት፤ ለሴቲቱ ግን የደራሲነት ስም ተነፈጋት። ይህን ማነጻጸሬ ክሌር ቶሪን ዝቅ ለማድረግ አይደለም፤ ሲኒማ ቤት የሳቅሁት ሳቅ በኋላ አንገቴ ላይ ስለቆመብኝ ነው።

ነገሩን በሚዛን እንየው። በዚያች ሌሊት ማንም አላታለላትም፤ ደሞዟም በሙያው ደንብ መሠረት ተከፍሏታል። ጥያቄው ሌላ ነው። አንዲት ልብስ ሰፊ በተሰጣት ልክና ንድፍ ብትሰፋ የእጅ ዋጋዋን ተቀብላ ትሄዳለች። ጨርቁን ብቻ ሰጥተው «እንደመሰለሽ አድርጊው» ካሏት፣ ንድፉንም እርሷው ካወጣችው፣ ልብሱም ተወዶ ለ30 ዓመት በብዙ ሺህ ቢሸጥስ? ያን ጊዜ ሰፊ ብቻ ሳትሆን ንድፍ አውጪም ናት። ክሌር ቶሪ ያለችው ይኸንኑ ነው። ፒያኖው የራይት ነው፤ በላዩ የወጣው የድምፅ ዜማ ግን ከማንም ወረቀት የተነበበ ሳይሆን ከእርሷ የፈለቀ ነው። በ2004 ቡድኑንና የሸክላ ኩባንያውን ከሰሰች። በ2005 ጉዳዩ ለእርሷ በሚጠቅም ስምምነት አለቀ። የገንዘቡ መጠን ይፋ አልሆነም። ከዚያ ወዲህ ግን ዜማው የራይትና የክሌር ቶሪ ተብሎ ይጻፋል። 30 ፓውንድ ተቀብላ ከወጣች ከ32 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

የእህቴ ልጅ ይህን ታሪክ ያወራችልኝ ያለምክንያት አልነበረም። አንድ ወጣት ሙዚቀኛ ለሚሠራው ዘፈን ድምፅዋን እንድትሰጠው ጠይቋት ኖሯል። ዜማውን «እንደመጣልሽ አድርጊው» ብሏታል፤ ክፍያውም የሦስት ሰዓት ሒሳብ ነው። ልጅቱ «ዜማውን ካወጣሁ ስሜና ድርሻዬ በወረቀት ይስፈር» ልትለው አስባ ነበር። እህቴ ይህን ስትሰማ ደነገጠች።

«ተዪ ልጄ፣ ገንዘብሽን ተቀብለሽ ነዪ። ሌላ ዘፋኝ አጥቶ መሰለሽ? እኔ በዚህ አገር 20 ዓመት የሠራሁት አፌን ይዤ ነው።»

እህቴን አልፈርድባትም። ሆስፒታል ስታጸዳ አድራ፣ ጧት ልጅ ትምህርት ቤት አድርሳ፣ ቤት ኪራይ ከፍላ እዚህ የደረሰች ሴት ናት። «ተናግሬ ሥራዬን ባጣስ?» የሚለውን ፍርሃት የማያውቀው ችግር ያላየ ብቻ ነው። ልጅቱ ግን ስልኳን አንሥታ በትሕትና ጠየቀችው። ልጁ ወዲያው እሺ አለ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ፤ መልሱ «ላስብበት» ነበር። እስከምመለስ ድረስ ወረቀቱ አልተፈረመም፤ እርሷም አልዘፈነችም። እህቴ አውሮፕላን ጣቢያ ስትሸኘኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እንኳን እኔን አልመሰለች» አለችኝ።

ውድ አንባቢዎቼ፣ በአገራችንም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለሥራ አመንጪው ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ለከዋኞችም መብት ደንግጓል። ልጃችሁ ብትዘፍን፣ ብትጽፍ፣ ንድፍ ብታወጣ ከመፈረሟ በፊት ወረቀቱን አብራችኋት አንብቡ። የሰዓቷ ዋጋ ብቻ ነው የተጻፈው? ወይስ የፈጠራዋ ድርሻም አለበት? ስሟስ የት ላይ ይሰፍራል? ጠቡ ከመጣ በኋላ ከመካሰስ ሥራው ሳይጀመር መነጋገር ይቀልላል።

አዋጅ የማይደርስባት ቤታችንም አለች። እንግዳ ወጡን ሲያመሰግን የሠራችውን ሰው ስም ጥሩ፤ ሠራተኛችሁ ከሆነች ጓዳ ሳለች ሳይሆን ፊቷ ላይ ይነገርላት። ወንድ ልጃችሁም እህቱ የሠራችውን «እኛ ሠራነው» ሲል ዝም አትበሉት። በመሥሪያ ቤትም የደከማችሁበት ጽሑፍ ሲቀርብ ስማችሁ እንዲሰፍር በጊዜው፣ በጨዋ ቃል ጠይቁ። ልመና አይደለም፤ ሒሳብ ነው። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉት አባቶቻችን ለወንዶች ብቻ ብለው እንዳልሆነ ተስፋ አደርጋለሁ።