ወደ ባሕር ዳር ከመነሳታችን በፊት

እኛ የዳንግላ አካባቢ ገበሬዎች ነን። ከዳንግላ እስከ ባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይሁን እንጂ ባሕር ዳርን በደንብ ሳናይ ብዙ ዘመን ኖርን። ስንሄድም ለሕክምና ወይም ለፍርድ ቤት ጉዳይ ነበር። ጉዳያችንን ጨርሰን፣ ሐይቁን ከሩቅ አይተን እንመለሳለን።

ይህ ጽሑፍ ስለ ሁለት ጉዞዎቻችን ነው። የመጀመሪያው አልተሳካም። ሁለተኛው ተሳካ። የሁለቱ ልዩነት አንዲት ወረቀት ናት።

የመጀመሪያው ጉዞ

ትንሿ ልጃችን ገና ሕፃን ሳለች በወባ በጠና ታመመች። የልጆቹ አያት፣ እማማ፣ ለኪዳነ ምሕረት ተሳሉ። “ልጄ ከዳነች ጣና ድረስ ሄጄ ጧፍ አበራለሁ” አሉ። ልጅቱ ታክማ ዳነች። ስለቱ ግን ሳይደርስ ቆየ።

አንድ ቀን ድንገት ተነስተን ሄድን። ማንንም አልጠየቅንም። ባሕር ዳር እንደ ደረስን ወደ ጀልባ ማረፊያው ወረድን። ባለ ጀልባውን “ገዳም አድርሰን” አልነው። “የትኛው ገዳም?” አለን። “ቅርቡ ይሁን” አልን። ቅርብ ከሆነ ይረክሳል ብለን ነው። የጣና ገዳም ሁሉ አንድ መስሎን ነበር።

ባለ ጀልባው ክብራን ገብርኤል አደረሰን። ክብራን የወንዶች ገዳም ነው። በሥርዓቱ መሠረት ሴት አትገባም። እኛ ይህን ያወቅነው ከደሴቱ ስንደርስ ነው። ከመካከላችን የልጆቹ አባት ብቻ ወጣ። እማማ፣ የልጆቹ እናትና ትንሿ ልጅ ከጀልባው አጠገብ ፀሐይ ላይ ቀሩ። እማማ ጧፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘው ነበር። ጧፉ በሙቀቱ ጎበጠ። እሳቸው ግን ማንንም አልወቀሱም። “ሳንጠይቅ መጣን፤ ጥፋቱ የእኛው ነው” ብቻ አሉ።

ለሌላ ጀልባ የሚሆን ገንዘብ አልነበረንም። ጧፉ ሳይበራ ወደ ቤት ተመለሰ።

ከሁሉ የቆጨን ሌላ ነገር ነው። ከተሳፈርንበት አጠገብ በአማርኛ የተጻፈበት ሰሌዳ ቆሞ ነበር። ትልቁ ልጃችን ማንበብ ይችላል። እሱ ግን ከብት ሊጠብቅ ቤት ቀርቶ ነበር። የቀረነው ፊደል አልለየንም። ሰሌዳውን አይተን አለፍነው።

ወረቀቷ

ከዚያ ወዲህ የልጆቹ እናት የጎልማሶች ትምህርት ገባች። ማንበብና መጻፍ ቻለች። አንድ ማታ ቡና እየተጠጣ እማማ እንዲህ አሉ፦ “እኔ እንግዲህ አረጀሁ። ስለቴን ሳላደርስ መሞት አልፈልግም።” ሁላችንም ዝም አልን። የልጆቹ እናት ከደብተር ወረቀት ቀደደች። “በሉ፣ አሁን እንጻፈው” አለች።

አንደኛ፣ ቀኑን ጻፍን። ክረምት የእርሻ ጊዜ ነው። መስከረም አረም አለ። ኅዳር አጨዳ ይደርሳል። በጥቅምት አጋማሽ ግን ትንሽ ፋታ እናገኛለን። ጥቅምት 16 ደግሞ የኪዳነ ምሕረት ቀን ነው፤ እርሻ አንወጣም። ስለዚህ በ15 ሄደን፣ አንድ ሌሊት አድረን፣ በ16 ልንመለስ ተስማማን። ባሕር ዳር የእኅታችን ልጅ አለች። አዳራችን እሷ ቤት ይሁን አልን።

ሁለተኛ፣ የምናየውን ለመጻፍ ስንነሳ ክርክር ሆነ። ትልቁ ልጃችን “ጢስ ዓባይን ሳላይ አልመለስም” አለ። እማማ የሚሹት ስለታቸውን ነው። ትንሿ ልጅ ጀልባ፣ ጀልባ ትላለች። አንድ በግ ሸጠን ነበር። የበጉ ዋጋ ለሁሉም አይበቃም።

የእኅታችንን ልጅ በስልክ ጠየቅናት። እሷ የነገረችንን እንዲህ ጻፍን፦

1. ኡራ ኪዳነ ምሕረት ዘጌ ውስጥ ነው። ዘጌ ወደ ሐይቁ ገባ ያለ ምድር ነው። ኡራ ሴትም ወንድም ይገባበታል።

2. ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ዳጋ የነገሥታት አፅም ያለበት ገዳም ነው፤ ነገር ግን ሩቅ ነው።

3. ዘጌ በመኪናም ይደረሳል። ርካሽ ነው። ሆኖም ከመኪናው ከተወረደ በኋላ እስከ ኡራ የእግር መንገዱ ረጅም ነው።

4. በሞተር ጀልባ ከባሕር ዳር አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ለብቻ ከተከራዩት ውድ ነው። በበዓል ቀን ግን ከሌሎች ተሳላሚዎች ጋር መካፈል ይቻላል።

5. ጀልባ በጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሐይቁ ይናወጣል።

ይህን ስናነብ መፍትሔው ታየን። የእማማ ጉልበት ደክሟል፤ በመኪናው አይሆንም። እንግዲያው ጀልባውን ከሌሎች ጋር እንካፈል። በሚተርፈው ገንዘብ አባትና ልጅ ጢስ ዓባይን ይዩ። ክርክሩ በዚህ አለቀ።

ሦስተኛ፣ ሂሳቡን ጻፍን። የመኪና መሳፈሪያ ደርሶ መልስ፣ የጀልባ ድርሻ፣ የገዳሙ መግቢያ፣ ምግብ፣ ለድንገተኛ ችግር የሚቀመጥ። ዋጋ ስለሚለዋወጥ የእኛን እዚህ አንጽፍም። እናንተም በጊዜው ጠይቁ። ጀልባ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ዋጋው የደርሶ መልስ መሆኑን አረጋግጡ።

አራተኛ፣ መንገዱን ጻፍን። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ግጭት ከተነሳ ወዲህ መኪና የማይሄድበት ቀን ያጋጥማል። ስለዚህ በዋዜማው ደውለን ጠየቅን። “መንገዱ ሰላም ነው” አሉን። “አትምጡ” ቢሉን ኖሮ እንቀር ነበር። ስለት ሌላ ቀን ይደርሳል፤ የጠፋ ነፍስ ግን አይመለስም።

ሁለቱ ቀኖች

ጥቅምት 15 በጠዋት ተነሳን። ዱርቤቴን አለፍን። ወተት ዓባይ ላይ ግልገል ዓባይን ተሻገርን። ይህ ወንዝ ከሰከላ ይነሳና ጣና ይገባል። ከጣና የሚወጣው ውሃ ደግሞ ዓባይ ይባላል። “ታዲያ እኛም ወንዙም ወደ አንድ ቦታ ነው የምንሄደው” አለች ትንሿ ልጅ። መርዓዊን አልፈን ባሕር ዳር ገባን።

ጣና የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጥልቀቱ ግን ከስፋቱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ጥልቅ በሆነው ቦታ 15 ሜትር ያህል ነው። ዓሣ አጥማጆች ከደንገል በተሠራ ታንኳ ሲቀዝፉ አየን።

ትንሿ ልጅ ጫማዋን አውልቃ ወደ ውሃው ሮጠች። የእኅታችን ልጅ ያዘቻት። በሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዝያ የሚባል በሽታ አለ። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በሰው ቆዳ ይገባል። ስለዚህ እዚያ ውሃ ውስጥ መዋኘትና መንቦራጨቅ አይገባም። የሐይቁን ውሃ ሳያፈሉ መጠጣትም አይገባም። “የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው” እንዳይሆንብን የምንጠጣውን ከቤት ይዘን ነበር።

ከምሳ በኋላ አባትና ልጅ ወደ ጢስ ዓባይ ሄዱ። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ውሃው ከ40 ሜትር በላይ ከሆነ ገደል ይወርዳል። ዱሮ ዓመቱን ሙሉ ይጮኽ ነበር። ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ ከፊሉ ውሃ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ይውላል። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህም የጣና በለስ ማመንጫ በቀጥታ ከሐይቁ ይስባል። ስለዚህ በበጋ የፏፏቴው ውሃ በጣም ይቀንሳል። እኛ የሄድነው ክረምት እንደ ወጣ ስለሆነ ልጃችን ጢሱ ሲነሳ አየ። ልብሱ ርሶ፣ እየሳቀ ተመለሰ።

ማታ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ አየን። ርዝመቱ 380 ሜትር ነው። ስንተኛ ከቤት ያመጣነውን አጎበር ዘረጋን። ጥቅምት የወባ ወቅት ነው።

ጥቅምት 16 በማለዳ ከሌሎች ተሳላሚዎች ጋር ተሳፈርን። ሁላችንም የሚያንሳፍፈውን ሰደርያ ለበስን። ዘጌ ስንደርስ እንደ ገበሬነታችን በጣም ተገረምን። በዘጌ በበሬ አይታረስም። ከጥንት አቡነ በትረ ማርያም የሠሩት ሥርዓት ነው ይላሉ አባቶች። ሰዉ የሚኖረው በቡናና በጌሾ ነው። ሌላው አገር ደኑ ሲመናመን የዘጌ ደን እስከ ዛሬ ቆሟል።

ከመግቢያው ሰሌዳ ነበር። የልጆቹ እናት ቆመች። ቃል በቃል፣ ጮክ ብላ አነበበችው። እማማ ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ “አሁን እንግባ” አሉ።

ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል ተሸፍኗል። እማማ ነጠላቸውን ፈቱ። ያው የጎበጠው ጧፍ ነው። ሌላ አልገዙም። ጎብጦም በራ።

ስንመለስ የእኅታችን ልጅ ለልጆቹ አንድ ነገር አስጠነቀቀች። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እምቦጭ የሚባል አረም በሐይቁ ላይ፣ በተለይ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ፣ ተስፋፍቷል። አበባው ሐምራዊ ነው፤ ያምራል። ነገር ግን ውሃውን ይሸፍናል፤ ዓሣውንና ታንኳውን ያግዳል። ስለዚህ አበባው ቢያምርም ወደ መንደር ወንዝና ኩሬ መውሰድ አይገባም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤታችን ገባን። ከበጉ ዋጋ ትንሽ ተርፎ ነበር። “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” ይላል ያገራችን ሰው። እኛም አንድ ጊዜ ተፈትቶብናል። ሁለተኛ ግን ቁጭ ብለን ታጠቅን።

አሁን ወረቀቷ ቤታችን የለችም። ጎረቤታችን ከነቤተሰቡ ሊሄድ ስላሰበ ተውሶ ወስዷታል።

እንወያይ

1. የመጀመሪያው ጉዞ ያልተሳካው ለምንድን ነው?
2. እማማ አዲስ ጧፍ ያልገዙት ለምን ይመስላችኋል?
3. እናንተ ከቤተሰባችሁ ጋር የት መሄድ ትፈልጋላችሁ? ከመነሳታችሁ በፊት የምትጠይቁትን አምስት ነገር ጻፉ።