«እኔ ልጋብዝ» የማይባልበት መርከብ

 

እኛማ ባሕር ላይ ሰንብተን መጣን። አዎ፣ ባሕር ላይ! ወደብ በሌለው አገር አድገን፣ «መርከብ» ሲባል ጣና ላይ ገዳም የምታደርሰዋ ጀልባ ትዝ እያለችን፣ ይኸው አሥራ ምናምን ፎቅ ባለው ተንሳፋፊ ሆቴል ከባልቲሞር እስከ ባሃማስ ደርሰን ተመለስን። ፎቶውን አይታችሁታል። ዛሬ የምናወራችሁ ፎቶው ላይ ስለማይታየው ነገር ነው፦ ስለ ሒሳቡ።

በነገራችን ላይ «እኛ» የምንለው ለወጉ አይደለም፤ የምር ሁለት ነን። እህትማማቾች። አንዳችን ጋዜጠኝነት ተመርቃ እንዲህ እንዲህ ትሞነጫጭራለች፣ አንዳችን ነርስ ሆና የቤት ኪራዩን ትከፍላለች። (ማን ማን እንደሆነ እንዳትጠይቁን።) ሦስተኛዋ ተጓዥ አክስታችን ናት። እቴቴ ነው የምንላት። እዚህ አሜሪካ ስንመጣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችው አንድ ክፍል አፓርታማዋ የተቀበለችን፣ ሶፋውን ለእኛ ለቃ... ይቅርታ፣ ተሳሳትን፤ አልጋውን ለእኛ ለቃ ሶፋው ላይ የተኛች ሴት። ሃያ ሁለት ዓመት ምድር ቤት ውስጥ ባለ መኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ሆና ሠርታለች። ዘንድሮ ስድሳ ሞላት። እኛም ከሁለት ዓመት ጀምሮ ባጠራቀምናት ገንዘብ የመርከብ ትኬት ቆረጥንላት።

እቴቴን ለማወቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ለእኔ ውሃ ይበቃኛል።» ሬስቶራንት ስንወስዳት ሜኑውን የምታነበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ መጀመሪያ ዋጋውን፣ ከዚያ ምግቡን። ኮካ ሦስት ዶላር ከሆነ በልቧ ወደ ብር ትመነዝረውና አገር ቤት ማን ምን ሊገዛበት እንደሚችል ታስባለች። ከዚያ «ውሃ ይበቃኛል» ትላለች። ውሃው ነፃ ነዋ!

እናላችሁ፣ ትኬቱን ቆርጠን ሳንጨርስ ኮምፒውተሩ ጠየቀን፦ «የመጠጥ ፓኬጅ ይፈልጋሉ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የመዝናኛ መርከብ ላይ ማደሪያው፣ ምግቡና ትርዒቱ ከትኬቱ ጋር አብሮ የተከፈለ ነው። መጠጡ ግን አይደለም። በነፃ የሚገኘው ተራ ውሃ፣ ሻይ፣ የተፈላ ቡና፣ የሎሚ መጠጥ፣ ቁርስ ላይ ደግሞ አንዳንድ ጭማቂ ነው። ኮካው፣ የታሸገው ውሃ፣ ማኪያቶው፣ ቢራው፣ ወይኑና ኮክቴሉ አንድ በአንድ የክፍላችሁ ቁልፍ በሆነችው ካርድ ላይ ይመዘገባል። ጥሬ ገንዘብ አይነካም። ፓኬጁ ማለት እንግዲህ በቀን ይህን ያህል ከፍላችሁ እንደ ልብ መጠጣት ነው። በኢትዮ ቴሌኮም ቋንቋ «ያልተገደበ ጥቅል» በሉት። («ያልተገደበ» የሚባል ነገር ሁሉ ገደብ እንዳለው ከሞባይላችን የተማርነው ነው። ካርኒቫል የተባለው ኩባንያ ለምሳሌ ጥቅሉን በ24 ሰዓት 15 የአልኮል መጠጥ ላይ ይዘጋዋል።)

ዋጋው ከመርከብ መርከብ፣ ከወቅት ወቅት ይለያያል። አስቀድሞ የገዛ ሰውም ብዙውን ጊዜ መርከቡ ላይ ከሚገዛው ያነሰ ይከፍላል። ለእኛ የመጣልን በቀን 70 ዶላር ነበር። ላዩ ላይ 18 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ አለ፤ 82 ዶላር ከ60 ሳንቲም ሆነ። በሰባት ሌሊት ሲባዛ 578 ዶላር ከ20 ሳንቲም። ለአንድ ሰው!

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። እንደ ካርኒቫልና ሮያል ካሪቢያን ባሉት ኩባንያዎች ከአንድ ክፍል አንድ አዋቂ የአልኮል ፓኬጅ ከገዛ፣ ሌሎቹም አዋቂዎች መግዛት አለባቸው። አንዱ ገዝቶ ሦስቱ እንዳይጠጡበት ነው። ለተወሰነ ቀን መግዛትም የለም፤ ለጉዞው በሙሉ ነው። እቴቴ ደግሞ ፋሲካ ላይ አንድ ብርሌ ጠጅ ከንፈሯን አስነክታ «ሰከርኩ» የምትል፣ ረቡዕና ዓርብን ባሕር ላይም ቢሆን የምትጾም ሴት ናት። ለሦስታችን 1,734 ዶላር ከ60 ሳንቲም!

ነርሷ «እንግዛው» አለች። ጋዜጠኛዋ ካልኩሌተር አወጣች።

ኮክቴል 13 ዶላር፣ ቢራ 8፣ ማኪያቶ 5፣ ኮካና የታሸገ ውሃ አራት አራት ብለን ያዝን። 70ውን ዶላር ለመመለስ አንድ ሰው በቀን ሁለት ማኪያቶ፣ አንድ ኮካ፣ አንድ ውሃ እና... አራት ኮክቴል መጠጣት አለበት። ሳንቲም ሳይዛነፍ እኩል ይመጣል። ትርፍ የሚጀምረው ከአምስተኛው ኮክቴል ነው። በሳምንት 28 ኮክቴል ማለት ነው እንግዲህ። የአሜሪካው የበሽታ መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ለሴት በሳምንት 8 እና ከዚያ በላይ መጠጥን «ከባድ ጠጪነት» ይለዋል። የገንዘቡን ሳንጨርስ የጉበቱ ሒሳብ መጣ! ይህም መርከቡ ወደብ የሚቆምበትን ቀን ሳንቆጥር ነው። ናሶ ከተማ ወርዳችሁ የምትጠጡት ፓኬጁ ውስጥ የለም፤ የዚያ ቀን 82 ዶላር ግን ይከፈላል።

ታዲያ ሰው ለምን ይገዛዋል? ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ስቴፋኖ ዴላቪኛ እና ኡልሪከ ማልመንዲየር የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት የስፖርት ቤት ደንበኞችን ተመልክተው ነበር። በወር ከ70 ዶላር በላይ የሚከፍሉት ሰዎች በአማካይ በወር 4.3 ጊዜ ብቻ ነው የሚሄዱት። ለአንድ ቀን ከ17 ዶላር በላይ ወጣባቸው ማለት ነው፤ በየጊዜው የሚከፈለውን ካርድ ቢይዙ ኖሮ 10 ዶላር ይበቃ ነበር። ሰው የሚከፍለው ሊሆን ለሚመኘው ራሱ ነው። ስፖርት ቤት ሲሆን ሸንቃጣውን፣ መርከብ ላይ ሲሆን ደግሞ ዘና ያለውን፣ ገንዳ ዳር ተጋድሞ እጁን የሚያወዛውዘውን።

ኩባንያዎቹም ይህን ያውቃሉ። ካርኒቫል ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. በ2023 ካገኘው ወደ 21.6 ቢሊዮን ዶላር ገቢ ውስጥ 7.5 ቢሊዮን ያህሉ የትኬት አይደለም። መጠጡ፣ ቁማሩ፣ ስፓው፣ የወደብ ጉብኝቱና የመሳሰለው ነው።

ሒሳቡ ግልጽ ነበር፦ አትግዙ! ነርሷ ግን አልተረታችም። «አልገባሽም» አለች። «መጠጡን ማን ፈለገው? ካልገዛን እኮ ሳምንቱን ሙሉ "ውሃ ይበቃኛል" ልትለን ነው። አንድ ሳምንት እንኳ ሳትሳቀቅ ብትኖር ምናለበት?»

ዝም አልን። እውነቷን ነው። ፓኬጁ የሚሸጠው መጠጥ አይደለም፤ አለመሳቀቅን ነው። ዋጋ ሳያዩ ማዘዝን። ለእቴቴ ዓይነቱ ሰው ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም። ግን 1,734 ዶላር! የሁለት ዓመት ቁጠባችን ሊገባበት ነው!

በመጨረሻ መሐል መንገድ አገኘን። ኩባንያዎቹ ለስጦታ የሚሆን፣ አስቀድሞ የሚከፈልና ካርዱ ላይ የሚጫን ገንዘብ ይሸጣሉ። 150 ዶላር በእቴቴ ስም ጫንን። ለእሷም «ከትኬቱ ጋር የመጣ ነው፤ ካልተጠቀምሽበት መርከቡ ይወስደዋል» አልናት። እግዜር ይቅር ይበለን፣ ዋሸን። ገንዘብ ሲባክን ማየት ደግሞ እቴቴ ከመሳቀቅም በላይ አትወድም!

ሠራ። የመጀመሪያው ቀን ማታ፣ መርከቡ በቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ሥር ሲያልፍ፣ እቴቴ ካርዷን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ማኪያቶ አዘዘች። ለራሷ አይደለም፤ ለእኛ። ከዚያ ለራሷም። ረቡዕና ዓርብ ማኪያቶ ስለሌለ ሻይ ጠጣች (ነፃ!)፤ ለእኛ ግን ኮክቴል ከማዘዝ አልቦዘነችም። «ይኼ ባለ ጃንጥላው ምንድነው? እስቲ ለልጆቹ አምጣላቸው» ትላለች በአማርኛ፤ አስተናጋጁም እንዴት እንደሆነ እንጃ ይገባዋል።

ሦስተኛው ቀን ላይ አበሻ አገኘን። (ባሕር ላይም አበሻ አይጠፋም!) ከአሌክሳንድሪያ የመጡ ባልና ሚስት ናቸው። ፓኬጅ ገዝተዋል። ባልየው ጨዋ ልጅ ነው፤ እቴቴን ሲያይ ብድግ አለ። «እማማ ምን ልጋብዝዎ?» ብሎ ወደ ባሩ ሄደ። ቆየና አንድ ብርጭቆ ብቻ ይዞ፣ ፊቱ ቀልቶ ተመለሰ። ሁለት ቢያዝ «በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ» ብለውታል፤ ለሌላ ሰው ማካፈልም ክልክል ነው። ለራሱ 15 መጠጣት ይችላል፤ ለአንዲት እናት አንድ ማቅረብ ግን አይችልም! የያዘውን ሊሰጣት ዘረጋ።

«የአንተን ድርሻማ አልጠጣም» አለች እቴቴ። ካርዷን አወጣች። «ይልቅ ቁጭ በል፣ እኔ ልጋብዛችሁ።»

«ኧረ እማማ፣ የእኛ እኮ ተከፍሏል!»

«የተከፈለበት ግብዣ አይባልም። በሞቴ!»

በሞቴ ከተባለ በኋላ ምን ይደረጋል? ሰውዬው በ82 ዶላር የገዛውን ጥቅል ኪሱ አድርጎ የእቴቴን ቢራ ጠጣ። በዚያ ሳምንት ከጠጣው ሁሉ የጣፈጠው እሱ እንደሆነ በኋላ ነግሮናል። አምስተኛው ቀን ላይ አሳንሰር ውስጥ ስናገኘው «ዛሬ ገና አራት ነኝ፣ ወደኋላ ቀርቻለሁ» አለን። እየቀለደ ነበር፤ ግን እየቆጠረም ነበር። ላለመቁጠር የከፈለ ሰው፣ እኛ ከምንቆጥረው በላይ ይቆጥራል።

ያኔ ነው ነገሩ የገባን። እኛ አገር መጠጥ ከግብዣ ተለይቶ አያውቅም። ሒሳብ ሲመጣ የሚደረገው ትግል፣ እጅ መያያዙ፣ አስተናጋጁን በዓይን መጥቀሱ፣ «ቀድማኝ ከፈለች!» ብሎ መናደዱ... የጨዋታው ግማሽ እሱ ነው። ፓኬጁ ሁሉንም ሰው ለየራሱ ከፋይ፣ ለየራሱ ጠጪ ያደርገዋል። እቴቴ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለሌላ ሰው ስትልክ ኖራለች። ዕረፍት ማለት ለእሷ የማይቆጠር መጠጥ አይደለም፤ ሳይሳቀቁ መጋበዝ ነው። ያንን ፓኬጁ ቢገዛላት ኖሮ ይነጥቃት ነበር።

«ታዲያ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?» ላላችሁን፦ በቀን አምስት ስድስት ኮክቴል እንደ ልማድ ለሚጠጣ፣ መርከቡም አብዛኛውን ቀን ባሕር ላይ ለሚውልበት ሰው ያዋጣል። ለሌላው አያዋጣም። ልባችሁ ከገባ መጀመሪያ ትናንት የጠጣችሁትን ቁጠሩ፤ ልትጠጡ ያሰባችሁትን አይደለም። ካርኒቫልና ሮያል ካሪቢያን ለአንድ አዋቂ አንድ ባለ 750 ሚሊ ሊትር ወይን መጀመሪያው ቀን ይዞ መግባት ይፈቅዳሉ። የውሃ መያዣ ያዙ። አብሯችሁ የማይጠጣ ሰው ካለ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት የክፍሉን ሕግ አንብቡ።

የእኛ ሒሳብ በመጨረሻው ቀን ይህን ይመስል ነበር፦ 11 ኮክቴል፣ 6 ቢራ፣ 15 ማኪያቶ፣ 5 ኮካና ውሃ። ከነአገልግሎቱ 337 ዶላር ከ48 ሳንቲም፤ የእቴቴ ግብዣ ሁሉ ተጨምሮ። ለፓኬጁ ከምንከፍለው 1,397 ዶላር ከ12 ሳንቲም ተረፈን።

ባልቲሞር ስንደርስ፣ ሻንጣ እየጎተትን ሳለ እቴቴ ቆም አለች። «ያቺ 150 ዶላር ከትኬቱ ጋር የመጣች አይደለችም፣ አይደል?»

እርስ በርስ ተያየን።

«አውቄ ነው ዝም ያልኩት» አለች። «እኔም አገር ቤት ስልክ ስደውል "ተርፎኝ ነው የላክሁት" እላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ተርፎኝ አያውቅም።» ከዚያ ሻንጣዋን አነሳችና፣ «ማኪያቶው ግን ጥሩ ነበር» ብላ ቀደመችን።

የታክሲውን ሒሳብ እሷ ከፈለች። ታግለን አቃተን።

ቸር ይግጠመን!