የትኛው ሙላቱ?

ሙላቱ አስታጥቄ የተወለደው ጅማ ነው፤ በ1943። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የአልበሞቹ ዝርዝር የሚሄደው በዚያ ስለሆነ።) ይህን ለጅማ ልጅ ብትነግሩት «እሱንማ አውቃለሁ» ይላችኋል። ቀጥላችሁ «ታዲያ የትኛውን አልበሙን ትመርጣለህ?» ብትሉት ግን ወሬው ቀስ ብሎ ወደ ቡና ዋጋ ይዞራል። በስሙ እንኮራለን፤ ሥራውን አልበም በአልበም ቁጭ ብሎ የሰማ ሰው ግን ብዙ አላጋጠመኝም።

ጊንጆ ጉዱሩ ውስጥ እኔ የማውቃቸው ሦስት ናቸው፣ አንዱ እኔ ነኝ። ከቤት ሆኜ ሶፍትዌር እጽፋለሁ። ሁለተኛው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ አብሮኝ ምህንድስና የተማረ ጓደኛዬ ነው፤ የሜታል ሙዚቃ ሱስ አለበት፣ ወደ ሙላቱ የመጣው በእኔ ጉትጎታ ነው። ሦስተኛው ጎረቤታችን ጋሼ ናቸው፤ በወጣትነታቸው በኤንትሬ ከጅማ አዲስ አበባ ቡና ሲያመላልሱ የኖሩ ሹፌር። እሑድ ከሰዓት እናቴ ቡና ስታፈላ እኛ ቤት እንገናኛለን።

ድሮ ክርክራችን ለጨዋታ ነበር። ቁም ነገር ያደረገው ታናሽ ወንድሜ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ኪቦርድ ይነካካል፣ ዘንድሮ 12ኛ ክፍልን ይጨርሳል። አባቴ «መጀመሪያ ምህንድስናህን ያዝ፣ ከዚያ የፈለግከውን ትነካካለህ» ይለዋል። ለእኔም ያለኝ ይህንኑ ነበር፤ እኔም ይዤ ጨረስኩ። አንድ እሑድ ልጁ ሲኒ እያቀበለ «ከሙላቱ አንድ አልበም ብቻ ስጡኝ» አለን። «ለምን አንድ? ሁሉንም ስማ እንጂ» አልኩት።

«ሁሉንም ስማ ማለት መምረጥ አልቻልንም ማለት ነው» አለ።

እውነቱን ነው። ሦስታችንም በአንድ ጊዜ ጀመርን፣ በሦስት አቅጣጫ።

ጓደኛዬ የመምረጫ ሕጉን ያመጣው ከሜታል ነው። ዴዝ የሚባል የፍሎሪዳ ባንድ አለ፤ ዴዝ ሜታል ለተባለው ስልት መሠረት ከጣሉት አንዱ። በ2001 የሞተው ቻክ ሹልዲነር የመራው ይህ ባንድ ከ1987 እስከ 1998 ድረስ ሰባት አልበም አወጣ፤ ወዳጆቹም እስከ ዛሬ የትኛው ይበልጣል በሚል ይጣላሉ። አንዱ ጎራ «ሌፕሮሲ» ይላል፣ የ1988ቱን፦ ጥሬ፣ ሻካራ፣ ፊት ለፊት የሚመታ። ሌላው «ሂውማን» ይላል፣ የ1991ን፦ ጃዝ የገባቸው ልጆች ተቀላቅለውበት ምቱ የተወሳሰበበት። ጓደኛዬ ከመጀመሪያው ጎራ ነው። ሕጉም አጭር ናት፦ ሙዚቀኛ ሲራብ የሠራው ሲጠግብ ከሠራው ይበልጣል።

«ስለዚህ 1966» አለ። «አፍሮ ላቲን ሶል። አለቀ።»

በ1966 ሙላቱ ኒውዮርክ ነበር፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ። «አፍሮ ላቲን ሶል» በተባሉ ሁለት ሸክላዎች ቫይብራፎኑን፣ ፒያኖውንና ኮንጋውን ይዞ ብቅ አለ። ለሕጉ ይመቻል፤ ወጣት ነው፣ ስደተኛ ነው፣ ገንዘብ የለም። ግን ሕጉ የሚሠራው ሰውየው መጀመሪያውኑ የራሱን ነገር ካገኘ ነው። እነዚያን ሸክላዎች ስሰማ የዜማዎቹ ስም ይጠራኛል፤ «አልማዝ» አለ፣ «አክሱም» አለ፣ «መስከረም ሲጠባ» አለ። ገላው ግን በአብዛኛው በዚያን ጊዜ ኒውዮርክን ሲያስጨፍር የነበረው የላቲን ሙዚቃ ነው። «ይሄ ሰው ተርቦ አይደለም» አልኩት ጓደኛዬን፤ «ገና ምን መብላት እንደሚፈልግ እየፈለገ ነው።»

ወንድሜ ጣልቃ ገባ። «ኒውዮርክ ምን ሊያደርግ ሄደ?»

መንገዱን ነገርኩት። በ1950ዎቹ መጨረሻ ቤተሰቦቹ ወደ ዌልስ ላኩት፤ ምህንድስና እንዲማር። እዚያ ትምህርት ቤት ሳለ ሙዚቃ ያዘው። ከዚያ ለንደን፣ ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ፤ ከዚያ ቦስተን፣ በርክሊ፤ ከዚያ ኒውዮርክ።

«ታዲያ ጨረሰ?»

«ምኑን?»

«ምህንድስናውን።»

አባቴ እስከዚያ ድረስ ስልኩ ላይ ነበር። ቀና አለ። «አልጨረሰም» አልኩ። እናቴ ቡናውን ቀዳች። አባቴ «የዚያን ጊዜ ሰው ሌላ ነው» ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ያኔ ገባኝ፤ ልጁ የጠየቀን አልበም ብቻ አልነበረም።

የእኔ ተራ ሲደርስ ዓለም ሁሉ የሚለውን አልኩ፦ «ኢትዮፒክስ 4»። እኔም ሙላቱን የሰማሁት በእሱ ነው፤ ዶርም ውስጥ ከእጅ እጅ በሚዞር ፍላሽ። አሥራ አራት ዜማ ነው። «የከርሞ ሰው» ይከፍተዋል፣ «ደወል» ይዘጋዋል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ ፓሪስ ላይ በ1998 ያሳተመው ሲሆን፣ ከ1969 እስከ 1974 የተቀዱ ሥራዎችን የያዘ ነው። በ2005 ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ ውስጥ የሙላቱን ሙዚቃ ሲጠቀም፣ ኢትዮጵያ የት እንዳለች በካርታ የማያሳይ ሰው ሳይቀር ፈልጎ ሰማው። ናስና ዴሚያን ማርሊ በ2010 «የገሌ ትዝታ»ን ለዘፈናቸው ወሰዱት።

ጓደኛዬ ግን በሜታል ሕግ ያዘኝ። «ስብስብ አልበም አይደለም» አለ። «የስብስብ ሲዲ ምርጥ አልበም ነው የሚል ሰው እኛ ጋ ይባረራል።»

መልስ አጣሁለት። በሙያዬ ቋንቋ ላስረዳው ብል እንኳን የሚረዳው እሱን ነው። አንድ ሰው ለዓመታት ኮድ ይጽፋል፤ ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ ሌላ ሰው መጥቶ ከመካከሉ ይመርጣል፣ ቅደም ተከተል ያወጣል፣ ስም ሰጥቶ ይለቀዋል። ኮዱ የመጀመሪያው ሰውዬ ነው። የትኛው እንደሚታይና የትኛው እንደሚቀር የወሰነው ግን ሁለተኛው ነው።

ይህን የምለው ለማጣጣል አይደለም። የእነዚያን ቅጂዎች ታሪክ የሚያውቅ ሰው ፋልሴቶን ማመስገን አለበት። አምሐ እሸቴ በ1969 አምሐ ሪከርድስን ሲያቋቁም ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ያንን ተጋፍቶ ነው የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች ሕንድ አገር ያስታተመው። የሙላቱንም ሥራዎች አወጣ። ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ የሰዓት እላፊ መጣ፣ የሌሊቱ ሙዚቃ ጠፋ፤ አምሐም በ1975 ከአገር ወጣ። ሸክላው ቀርቶ ዘመኑ የካሴት ሆነ። ሰብሳቢ ባይመጣ ዛሬ ስለ ምን እንከራከር ነበር?

ዋጋው ግን አለ። «ወርቃማው ዘመን» ብለን 1974 ላይ በሩን ስንዘጋው ሙላቱን ከውስጥ ቆለፍንበት። ሰውየው ከዚያ በኋላም ሠርቷል፤ በ2009 ከለንደኖቹ ሄሊዮሴንትሪክስ ጋር፣ በ2010 «ሙላቱ ስቴፕስ አሄድ»፣ በ2013 «ስኬችስ ኦፍ ኢትዮጵያ»፣ በ2025 ደግሞ የድሮ ዜማዎቹን እንደገና አንስቶ «ሙላቱ ፕሌይስ ሙላቱ»። ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ «ምርጡ ነገር ሁሉ አንተ ሳትወለድ አልቋል» ብዬ ልሰጠው አልፈለግሁም።

ጋሼ እስከዚህ ድረስ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው «እኔ ምለው፣ አልበም ምንድን ነው?» አሉ።

ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። «የእውነቴን ነው። እኛ ዘፈን ነው የምናውቀው። ይሄ ደግሞ ዘፋኝ እንኳ የለው።»

ስልኬን አውጥቼ «የከርሞ ሰው»ን ከፈትኩላቸው። ሳክስፎኑ እንደገባ እጃቸውን አነሡ፤ «ቆይ!» እንደ ማለት። ቀጥሎም ከዜማው ቀድመው ማንጎራጎር ጀመሩ። አንድ ቦታ አልሳቱም።

«ይቺን እኮ አውቃታለሁ! የማን እንደሆነች ነው የማላውቀው። ከዜና በፊት ትመጣ ነበር፣ በሬዲዮ። ጊቤ በረሃ ስወርድ ሌሊት ስንቴ ሰምቻታለሁ መሰላችሁ።»

ጊቤን ያየ ያውቀዋል፤ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው፣ በቡና የተጫነ ኤንትሬ ደግሞ ፍሬኑ የሚታመን አይደለም። ያ ዜማ በዚያ መንገድ ላይ ከሰውየው ጋር አብሮ ወርዷል፤ ስሙን ሳይናገር፣ አልበሙን ሳይጠራ። እኛ ሁለታችን ስለ ዓመትና ስለ ሽፋን ስንጣላ፣ እሳቸው ሙዚቃውን በሙሉ በልባቸው ይዘውት ኖረዋል።

የጋሼ ነገር የኔን አቋም ቀየረው። እስከዚያ ድረስ የምቆጥረው አልበሞችን ነበር። አሁን አንድ ዜማ ይዤ ከአልበም አልበም ተከተልኩ።

«መስከረም ሲጠባ»ን ውሰዱ። በ1966 ኒውዮርክ ተቀዳ። በ1972 ደግሞ እዚያው ኒውዮርክ፣ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» በተባለው አልበም ላይ እንደገና መጣ። ዜማው አንድ ነው፣ ሥራው ግን ሌላ። በመጀመሪያው ላይ ዜማው በላቲኑ ምት ላይ እንደ ተሳፋሪ ተቀምጧል፤ በሁለተኛው ላይ ሹፌሩ ዜማው ነው፣ ምቱ መንገድ ይለቅለታል። በሁለቱ መካከል ስድስት ዓመት አለ፤ ወደ አገር ቤት መመለስም አለ።

ከባዱ ነገር ምን እንደነበር ኪቦርድ ለሚነካካ ልጅ ማስረዳት አያስቸግርም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፤ ቅኝቶቻችን አምስት አምስት ድምፅ ናቸው። የጃዝ ስምምነት ደግሞ አሥራ ሁለቱንም ድምፅ ይፈልጋል። ከሥር ብዙ ኮርድ ከደረደርክበት ቅኝቱ ጠረኑን ያጣል፤ ምንም ካልጨመርክበት ደግሞ ጃዝ አልሆነም። ስንት ሲጨመር ይበዛል? ይህ ለእኔ ንጹሕ የምህንድስና ጥያቄ ነው። ሙላቱ ራሱም የአገር ቤት ሙዚቀኞችን ሳይንቲስቶች ይላቸዋል፤ ሁልጊዜ የሚያነሳው ምሳሌ የደራሼ ሰዎች በቀርከሃ ዋሽንታቸው የሚያወጡትን ድምፅ ነው። እንግዲህ ምህንድስናውን ትቶታል የሚባለው ሰው ምን ያህል እንደተወው እንጃ።

ስለዚህ ለወንድሜ የ1972ቱን ሰጠሁት። ሰባት ዜማ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ያልሰበሰበው፣ ራሱ እንደ አልበም የሠራው ነው። «ደወል» አለበት፣ ኢትዮፒክስ ላይ ካለው ጋር የሚነጻጸር። «ኩሉን ማን ኳለሽ» አለበት፤ ሰርግ ቤት የሄደ ሁሉ የሚያውቀው። ሰውየው የፈለገውን ሲያገኝ፣ ግን ገና ሳይረጋጋበት የምንሰማበት ቦታ ነው። ለጓደኛዬ ደግሞ በራሱ ቋንቋ «ይሄ የሙላቱ ሂውማን ነው» አልኩት። ተናደደ። አሁንም 1966 ይላል፤ መብራት ጠፍቶ እንኳ በጨለማ ይከራከራል።

ወንድሜ አልበሙን ለሁለት ሳምንት ሰማው። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቀኝ፤ የ1966ቱን «መስከረም ሲጠባ» ብቻ ላክልኝ አለ። አሁን ሁለቱን እያፈራረቀ ይከፍትና ሦስተኛውን በኪቦርዱ ይሞክራል። አንዳንዴ ኮርድ ያበዛና ራሱ «ጠረኑ ጠፋ» ብሎ ይደልተዋል። የዩኒቨርሲቲ ምርጫው ላይ ምን እንደሚሞላ አልጠየቅሁትም። የመጠየቅ መብት ያለኝም አይመስለኝም።

ባለፈው ሳምንት ልጁ «ኩሉን ማን ኳለሽ»ን ከፍቶ አባቴ በር ላይ ቆመ።

«ይሄ የሰርግ ዘፈን አይደለም እንዴ?»

«ነው አባዬ።»

«ዘፋኙስ?»

«ዘፋኝ የለውም።»

አባቴ ጫማውን ለማውለቅ እንደጎነበሰ ቆየ። ዜማው እስኪያልቅ አላወለቀም፣ አልገባምም። ሲያልቅ «ድምፁን ቀንስ፣ ጋሼ ተኝተው ይሆናል» ብሎ አለፈ። ጋሼ አልተኙም ነበር፤ ከአጥሩ ወዲያ ሲያንጎራጉሩ ይሰማል።