ካራቆሬና የመስተዋቱ ቡፌ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ፣ በጉም ከተሸፈነው ደጋ ወደ ይፋት ቆላ የሚያወርደውን ታላቅ ገደል ያገኛል። በዚያ ሥፍራ ተራራውን ሠርሥሮ የሚያልፈው፣ ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጠው የመንገድ ዋሻ ኢጣልያኖች በወረራቸው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ያሠሩት ነው። ከዋሻው ወጥቶ ደብረ ሲናን ቁልቁል ያለፈ ሰው ካባውን አውልቆ በክንዱ ይይዛል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ደግሞ ጥላ ይፈልጋል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በግራ የደጋውን ግድግዳ፣ በቀኝ ወደ አፋር የሚያደርሰውን ቆላ እያሳየ፣ ማሾና ማሽላ በተዘራበት እርሻ መካከል እየሾለከ፣ የጀውሃንና የአጣዬን ወንዞች እያሻገረ ወደ ካራቆሬ ያደርሳል።

ካራቆሬ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተዘረጋች ትንሽ ከተማ ናት። በኦሮምኛ ‹‹ካራ›› መንገድ፣ ‹‹ቆሬ›› እሾህ ማለት ስለሆነ፣ ስሟን በዚያ ቋንቋ ለሚሰማው ሰው የእሾህ መንገድ የሚል ትርጓሜ ይሰጠዋል። አማራው፣ ኦሮሞውና አርጎባው በአንድ ገበያ ይገናኙባታል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደወልና የመስጊዱ አዛን በአንድ ሰማይ ሥር ይሰሙባታል። አገሩ ከጥንት ጀምሮ የነጋዴ መተላለፊያ ነው። በመካከለኛው ዘመን የይፋት ሱልጣኖች ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣውን የንግድ መንገድ የያዙት በዚሁ ቆላ ተቀምጠው ነበር። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ገጸ በረከት ጭኖ ከታጁራ ወደ አንኮበር የወጣውም በይፋት በኩል ነው።

ይሁን እንጂ አንባቢን ወደዚህች ከተማ መጥራታችን ስለ ነገሥታት ለመተረክ ሳይሆን፣ በቤቶቿ እልፍኝ ስለሚታይ አንድ ዕቃ ለመነጋገር ነው። ይኸውም ቡፌ የምንለው፣ ፊቱ መስተዋት የሆነ፣ ብርጭቆና ሲኒ የሚደረደርበት ቁም ሣጥን ነው። ቃሉ የፈረንሳይኛ ሲሆን በአገራችን ሁለት ሥራ ተሰጥቶታል፤ በሠርግ ቤት ምግቡ የሚደረደርበትን ገበታ ቡፌ እንላለን፤ በእልፍኝም ዕቃው የሚደረደርበትን ሣጥን እንዲሁ ቡፌ እንላለን። ልዩነቱ ከመጀመሪያው ሁሉም እያነሣ ሲበላ፣ ከሁለተኛው ግን ልጆች እንዳይነኩ መከልከላቸው ነው።

መስተዋት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው መቶ ዓመት በግሪክኛ የተጻፈ አንድ የባሕር ነጋዴዎች መምሪያ፣ በአዱሊስ ወደብ ከሚራገፈው ሸቀጥ መካከል ልዩ ልዩ የመስተዋት ዓይነቶችን ይቆጥራል። በአክሱምም የመስተዋት ዋንጫዎች በቁፋሮ ተገኝተዋል። የጠጅ ብርሌም ከቤተ መንግሥት እስከ ጠጅ ቤት የታወቀ ነው። ነገር ግን ዕቃን በመስተዋት ውስጥ አኑሮ ማሳየት የኋላ ዘመን ልማድ ነው። በአውሮፓ እንኳ የተስፋፋው በ17ኛው መቶ ዓመት፣ ከቻይናና ከጃፓን በመርከብ የመጣው ሸክላ በመኳንንቱ ዘንድ እጅግ በተወደደ ጊዜ ነበር። እናቶቻችን ሰፌዱን በግድግዳ ይሰቅሉ፣ ጌጣቸውን በሙዳይ ይሸሽጉ ነበር። የሐረር ሴቶች ደግሞ በግድግዳው ውስጥ በተቀረጸው መደርደሪያ ላይ የእንጨት ገበታቸውንና ቀለማም ስፌታቸውን በሥርዓት ይደረድራሉ። ከአገራችን ልማዶች ለቡፌ የቅርብ ዘመድ የሚሆነው ይህ የሐረር ግድግዳ ነው፤ የሚጎድለው መስተዋቱ ብቻ ነው። እንደ ካራቆሬ ላሉ ከተሞች ቡፌን ያቀረበላቸው የመኪናው መንገድ እንደሆነ ለመገመት አያስቸግርም፤ ሰፊ መስተዋት በበቅሎ ጭኖ የጣርማ በርን ገደል ሳይሰበር ማውረድ ታላቅ ድካም ነውና።

በካራቆሬ በእንግድነት የተቀበሉኝ አንዲት አዛውንት እናት እልፍኝ ውስጥ ያለው ቡፌ ከዋንዛ እንጨት የተሠራ ነው። ከላይ ሁለት መዝጊያ ሲኖረው በእያንዳንዱ መዝጊያ ላይ ሁለት ሁለት መስተዋት ተገጥሟል፤ ከታች ሁለት መሳቢያዎች አሉት። በውስጡ ስድስት የውኃ ብርጭቆዎች፣ ወርቅማ ጠርዝ ያላቸው ሲኒዎች፣ አንድ ብርሌ፣ የሟች ባለቤታቸው ፎቶግራፍና ከኢየሩሳሌም የመጣ ትንሽ መስቀል በዳንቴል ላይ ተቀምጠዋል።

የአሮጌ ቡፌን ዕድሜ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን ይመርምር። ፊቱ በየጊዜው ቫርኒሽ ይቀባል፤ ጀርባው ግን እንደ ተሠራ ይቆያል። የእጅ መላጊያ ያለፈበት እንጨት መዳፍ ሲዳብሰው ጥቂት ወጣ ገባ ይላል። የጥንቱ አናጢ የመሳቢያውን ማዕዘን ያለ ምስማር፣ እንጨቱን እንደ ሁለት እጅ ጣቶች አቆላልፎ ይገጥመው ነበር። መስተዋቱም ራሱ ይመሰክራል። በቀድሞ ዘመን የመስኮት መስተዋት የሚሠራው የቀለጠውን መስተዋት እንደ በርሜል ነፍቶ፣ ሰንጥቆ በመዘርጋት፣ ወይም እንደ ጨርቅ ወደ ላይ በመሳብ ነበር፤ ስለዚህ ገጹ ይወዛወዛል፤ በጎን ሲመለከቱት ከበስተኋላው ያለው ነገር በውኃ ውስጥ እንዳለ ይንቀሳቀሳል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 ዓ.ም. ፒልኪንግተን የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት፣ የቀለጠውን መስተዋት በቀለጠ ቆርቆሮ ላይ አንሳፎ ጠፍጣፋ የሚያደርግ አዲስ ዘዴ ለዓለም አስታወቀ። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ቀጥ ያለ መስተዋት በዚህ ዘዴ የተሠራ ነው። አንዳንድ ሰዎች አሮጌ መስተዋት በዕድሜ ብዛት ወደ ታች ይፈስሳል ይላሉ፤ ይህ ግን እውነት አይደለም፤ ወፍራምና ቀጭን የሆነው ገና ሲሠራ ነው።

እንግዲህ በእኒያ እናት ቡፌ ላይ ካሉት አራት መስተዋቶች ሦስቱ የሚወዛወዙ ሲሆኑ፣ አራተኛው እንደ ረጋ ውኃ ቀጥ ያለ ነው። ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ ያኛው መስተዋት የተሰበረው እርሳቸው ልጅ ሳሉ ምድር በተንቀጠቀጠች ጊዜ እንደሆነ፣ አባታቸውም ለብዙ ዓመት በካርቶን ደፍነውት ኖረው በኋላ አዲስ እንዳስገጠሙ ነገሩኝ።

ይህ የምድር መንቀጥቀጥ በታሪክ የታወቀ ነው። በ1953 ዓ.ም. ከግንቦት ወር ጀምሮ የካራቆሬ አካባቢ ለወራት ሲናወጥ ቆየ፤ ከሁሉ የበረታው ግንቦት 24 ቀን ሌሊት የደረሰው ሲሆን መጠኑ ከ6 በላይ ነበር። የመጀቴ ከተማ ፈረሰች፤ በካራቆሬም ብዙ ቤቶች ወደቁ፤ ምድሩ ተሰነጠቀ፤ የደሴውም መንገድ ተጎዳ። በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የምድርን መንቀጥቀጥ የሚመዘግበውን ጣቢያ ያቋቋሙት ኢየሱሳዊው አባ ፒየር ጉዌን ነገሩን መርምረው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 ዓ.ም. ባሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የምድር መንቀጥቀጥ ታሪክ ውስጥ ጽፈውታል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ካራቆሬ የቆመችው የኢትዮጵያ ደጋ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር በሚለይበት ስንጥቅ ላይ ነው። በዚያ ስንጥቅ ምድር ቀስ በቀስ ትሳባለች፤ የታመቀው ኃይል በአንድ ጊዜ ሲለቀቅም ትናወጣለች። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተከታታይ የደረሰው መንቀጥቀጥ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከቀዬው አፈናቅሎ፣ በአዲስ አበባ ፎቆች ሳይቀር ተሰምቶ፣ ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ እንዳልሆነ አስታውሶናል።

የእናታችን ጭንቀት ግን ሌላ ነበር። አሮጌ ዕቃ እየሰበሰበ በአዲስ አበባ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ለቡፌው ዋጋ ሰጥቶበታል። በከተማ የሚሠራው የልጅ ልጃቸው ደግሞ ይህ ተሸጦ ቴሌቪዥን ማስቀመጫ ያለው፣ የሚያብረቀርቅ አዲስ ቡፌ ይገዛ ይላል። እናታችን ሲኒዬን ተቀብለው ሁለተኛውን ቡና ከቀዱልኝ በኋላ፣ ‹‹መምህር፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?›› ብለው ጠየቁኝ። ነጋዴው ያንን አራተኛውን መስተዋት ከሌሎቹ ጋር አይመሳሰልም ብሎ እንደ ጉድለት በመቁጠር ከዋጋው ቀንሶበታል። ለዚያ ቤት ግን ከቡፌው ሁሉ የከበረው እርሱ ነበር፤ በሌሎቹ ውስጥ ዕቃ ይታያል፤ በእርሱ ውስጥ የቤቱ ታሪክ ይታያል።

መልሴ እንዲህ የሚል ነበር። ዕቃ ለሰው ተፈጠረ እንጂ ሰው ለዕቃ አልተፈጠረም። ለመድኃኒት፣ ለልጅ ትምህርት ወይም ለዕለት እንጀራ ያስፈለገ እንደሆነ ቡፌን መሸጥ ነውር የለበትም። ጎረቤት ገዛ ተብሎ ለመመሳሰል ከሆነ ግን፣ ሰባት ደርዘን ዓመት ሊያገለግል የሚችለውን ዋንዛ ሰጥቶ እርጥበት ሲነካው የሚያብጠውን ቺፑድ መቀበል ኪሳራ ነው። እናታችንም ጥቂት አሰቡና፣ ልጁ ራሱ መጥቶ መጀመሪያ ታሪኩን ይስማ፤ ሰምቶም ይሸጥ ካለ እርሱ ይሽጠው ብለው ወሰኑ። ከእኔ ምክር ይልቅ የእርሳቸው ፍርድ የተሻለ ነበር።

ቡፌ ያላችሁ ቤተሰቦች፣ በተለይም በይፋትና በስምጥ ሸለቆ ዳር የምትኖሩ፣ እነዚህን ጥቂት ነገሮች ብትጠነቀቁ ይጠቅማችኋል። ቡፌው በላይኛው ጫፉ በታጠፈ ብረት ከግድግዳው ምሰሶ ጋር ይታሰር፤ ምርጊቱ ላይ ብቻ የተመታ ምስማር በመናወጥ ጊዜ ይነቀላል። ከባዱ ዕቃ በታችኛው መደርደሪያ፣ ቀላሉ በላይኛው ይቀመጥ። መዝጊያው መቀርቀሪያ ይኑረው። ከሁሉ በላይ የልጆች መኝታ ከቡፌ ሥር አይሁን፤ ምድር ስትናወጥም ከመስተዋት ራቁ፤ የሚተርፍ ሲኒ ለማዳን ማንም አይሩጥ። ምስጥ በበዛበት ቆላ ደግሞ እግሮቹ በአፈር ላይ ሳይሆን በድንጋይ ላይ ይቁሙ፤ ጀርባውም ከግድግዳው በጣት ስፋት ይራቅና በየጊዜው ይፈተሽ። መስተዋቱን በአሸዋ ወይም በሻካራ ነገር መፈተግ ያጭረዋል፤ ለብ ያለ ውኃና ንጹሕ ጨርቅ ይበቃዋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ቢደረግም የማይጠበቅ ነገር አለ። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በዙሪያዋ በደረሰው መከራ የሰው ሕይወት አልፏል፤ ብዙ ቤቶችም ከነዕቃቸው ተቃጥለዋል። በዚያ ወራት ከቤታቸው የወጡ ሰዎች ሕፃናቱን በጀርባ አዝለው፣ ሽማግሌዎቹን እጃቸውን ይዘው ሲወጡ፣ ቡፌውን ያሰበ አልነበረም። ጌታችን ብልና ዝገት ስለሚያጠፉት መዝገብ ያስተማረው ትምህርት ለይፋት ሰው በመጽሐፍ ብቻ የሚነበብ ሳይሆን በዓይኑ ያየው ነገር ነው።

ደግሞም የከበረ ነገር ሁሉ በመስተዋት ውስጥ የሚታይ አይደለም። የነገሥታት ልብስ በእንጦጦ ማርያም ቤተ መዘክር በመስተዋት ውስጥ ይታያል፤ ታቦቱ ግን በመንበሩ ላይ በመጋረጃ ተሰውሮ ይኖራል፤ በበዓል ሲወጣም ተሸፍኖ ነው። በ1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ እንኳ በብሔራዊ ሙዚየም መስተዋት ውስጥ ለዘወትር ተመልካች የምትታየው በቅጂዋ ነው፤ እውነተኛው አፅም ለብቻው ይጠበቃል። ቤትም እንዲሁ ነው። በቡፌው የሚታየው ብርጭቆ የቤቱ ክብር ቅጂ ነው፤ እውነተኛው ክብር ባልና ሚስት የሚነጋገሩበት ቃል፣ ለእንግዳ የሚዘረጋው እጅ፣ ከማዕድ በፊት የሚደርሰው ጸሎት ነው።

ስለዚህ ቡፌ ያለው ሁሉ ሁለት ነገር ያድርግ። አንደኛ፣ አንድ ወረቀት ወስዶ ዕቃው መቼ፣ በማን፣ ከየት እንደተገዛ፣ ምን እንደደረሰበትም ጽፎ በጀርባው ይለጥፍ፤ ቢሸጥ እንኳ ቅጂው ለልጆች ይቅር። ሁለተኛ፣ ለማይታወቅ ቀን የተቀመጡትን ብርጭቆዎች ለእንግዳ ያውጣቸው። በዚያ የሚናወጥ ምድር ላይ ሰዎች ከስድሳ ዓመት በላይ ያቆዩት ሲኒ የሚያምረው በመደርደሪያ ላይ ሳይሆን ቡና ተቀድቶበት፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ሲተላለፍ ነው። ቢሰበርም በደግ ሥራ ላይ ሳለ ይሰበራል።