የወተት ላምና የጾም ወራት

የካቲት 15፣ 2017 ዓ.ም.፣ ቢሾፍቱ

ወተት ሰብሳቢው ጠዋት ወተቱን ከተረከበ በኋላ፣ «እትዬ፣ ከሰኞ ጀምሮ ግማሹን ብቻ ነው የምወስደው» አለኝ። ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል። ልጁን አልወቅሰውም፤ ካፌዎቹ ማኪያቶ መሸጥ ሲቀንሱ እሱስ ወዴት ያደርሰዋል? የላሞቹ ጡት ግን 55ቱንም ቀን እንደ ትናንቱ ይሞላል፤ የሞላ ጡት ካልታለበ ደግሞ ይታመማል። መኖም ቢሆን አይቀነስም። በደህና የምትታለብ ላም ፍሩሽካና ፋጉሎ ከጎደለባት ወተቷ ይወርዳል፤ ከፋሲካ በኋላ ልመልሰው ቢሉት በቀላሉ አይመለስም። ጤፍ ጎተራ ገብቶ ዋጋ ይጠብቃል፣ ወተት አንድ ቀን አያድርም። ወተት ተወደደ ሲባል በየቦታው እሰማለሁ። በእነዚህ ሁለት ወራት አርቢው ከኪሱ የሚከፍለውን የሚያነሳ ግን አልገጠመኝም።

የካቲት 23

ትናንት ረመዳን ገባ። ሙስሊም ጎረቤቶቼ ለማፍጠሪያ በየቀኑ ወተት እንዲደርሳቸው ጠየቁ፤ ልጄ ከአሥር ሰዓት በኋላ ታደርስላቸዋለች። ሕፃናት ያሉባቸው ቤቶችም አላቋረጡም። ሁለቱ ጾሞች ዘንድሮ መገጣጠማቸው በእውነት ረዳኝ።

የተረፈው ይናጣል። ከክልስ ላም ወተት አንድ ኪሎ ቅቤ ለማውጣት ከ20 ሊትር በላይ ይፈጃል። የሀበሻ ላም ወተት ቅቤው ይበዛል፣ ችግሩ መጠኑ ትንሽ ነው። ስለዚህ ቅቤ ከወተት ሽያጭ ያዋጣል አልልም፤ ወተቱን ከመድፋት ግን ያድናል። ዋናው ሥራ አጠባው ላይ ነው። የወጣውን ቅቤ በቀዝቃዛ ውኃ እያሹ፣ ውኃውን እየቀያየሩ፣ ጥርት ብሎ እስኪወርድ ድረስ አሬራውን ማስወጣት ያስፈልጋል። ዛሬ ውኃው ጠርቷል ብዬ ልተወው ስል ልጄ በጣቷ ጫን ስትለው ነጭ ጠብታ ወጣ፤ እንደገና አጠብነው። አሬራ የቀረበት ቅቤ ፋሲካ ሳይደርስ ይሸታል፤ ያን ጊዜ ነጋዴው በለጋ ቅቤ ዋጋ አይገዛውም።

መጋቢት 3

ከመኖ መደብር የመጣውን የኑግ ፋጉሎ ጆንያ ስፈታ ጠረኑ አልጣመኝም። እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ ከመሃሉ አወጣሁ፤ ሞቅ ያለና የተጋገረ ነው፣ ስሰብረው ውስጡ አረንጓዴ ሻጋታ አለው። ስደውል ሻጩ «የሻገተውን አንስተው ቀሪውን ይስጧቸው» አለኝ። ጆንያውን እንዳለ መለስኩለት። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ በላሟ አልፎ ወተት ውስጥ ይገባል፣ ወተቱን ማፍላትም አያጠፋውም። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የወተት ናሙናዎች ላይ የተደረገ ጥናት መርዙን አግኝቶታል፤ ከምንጮቹም ዋነኛው የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኝቷል። መኖ በተወደደ ቁጥር ርካሹ ጆንያ ያጓጓል። ወተቱን የሚጠጡት ግን ሕፃናት ናቸው። እኔ ይህን መርዝ አውቄ አልሸጥም።

መጋቢት 16

ለወተት ማቀዝቀዣ ብድር ፍለጋ ባንክ ሄድኩ። ወጣቱ ባለሙያ በትሕትና ተቀበለኝ። «ለመያዣ ቤት ወይም መኪና ይኖርዎታል?» አለኝ። ላሞች አሉኝ አልኩት። ላሞች አይያዙም አለኝ።

ይያዛሉ። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ከብትና ሰብልም ጭምር፣ ለብድር መያዣ እንዲሆን ይፈቅዳል። ባንኩ ላሟ ብትሞትስ ብሎ ቢሰጋ ይገባኛል። ለዚህ ስጋት መልስ የሚሆኑት የጆሮ ቁጥር፣ የክትባት ካርድ፣ የየዕለቱ የወተት መዝገብና የከብት መድን ናቸው። እኛም መዝገብ መያዝ አለብን፣ እነሱም መዝገቡን ከፍተው ማየት አለባቸው።

ሚያዝያ 11፣ ቅዳሜ፣ የፋሲካ ዋዜማ

ቅቤው እኩለ ቀን ሳይሞላ አለቀ። የመኖውን ዕዳ ከፈልኩ፤ ለራሴ ብዙም አልተረፈኝም።

ሐምሌ 3

ላሜ ዳልቻ ትናንት ማታ ኮርማ ፈለገች፤ አዳቃዩ ዛሬ ጠዋት መጣ። ላም ማታ ከፈለገች በማግስቱ ጠዋት፣ ጠዋት ከፈለገች ያኑ ዕለት ማታ ነው የምትዳቀለው።

ይህችን ቀን ከፋሲካ ጀምሮ ስጠብቃት ነበር። ላም 280 ቀን ገደማ ታረግዛለች። ከዛሬ ሲቆጠር ሚያዝያ 8፣ 2018 ላይ ይውላል፤ ፋሲካ ደግሞ ሚያዝያ 4 ነው። ላም ከመውለዷ 60 ቀን አስቀድማ መንጠፍ አለባት፤ ያም የካቲት 8 ይሆናል። ጾሙ የካቲት 9 ይገባል። ዳልቻ እንግዲህ ጾሙን በሙሉ ነጥፋ፣ በአነስተኛ መኖ ታሳልፋለች። እንገሩ ለጥጃው ካለፈ በኋላ ወተቷ እየጨመረ የሚሄደው በበዓለ ሃምሳ ነው፤ ያን ጊዜ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ዛሬ ባትይዝ ከ21 ቀን በኋላ ትደገማለች፣ መውለጃዋም ወደ ሚያዝያ መጨረሻ ይገፋል፤ እሱም አይጎዳኝም።

ሁሉንም ላሞች ግን እንዲህ አላደርግም። ጾም ላይ በረቱ በሙሉ ከነጠፈ የሕፃናቱን ደንበኞች አጣለሁ፤ ከፋሲካ በኋላም ሁሉም አርቢ እንደኔ ካደረገ ዋጋው ይወድቃል። ግማሾቹ ይበቃሉ።

ላም ያላችሁ ወገኖች፣ አዳቃይ ከመጥራታችሁ በፊት የሚቀጥለው ፋሲካ የሚውልበትን ቀን እዩና 280 ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ።